ያልተከፈለበት ወጥ ቤት፦ አንድ የክፍያ ጉዳይ ከቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ወጣት ሠዓሊ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሊከፈላት ይገባ የነበረ 400 ዶላር ቀረባት። በጊዜው ምንዛሪ ከ50 ሺህ ብር በላይ ነው፤ በእሷ ሰፈር የጥቂት ወራት የቤት ኪራይ ይሸፍናል። ሥራውን ጨርሳ አስረክባለች። ደንበኛዋም አልካዳትም። ሥዕሎቿ የገቡበት የኮምፒውተር ጨዋታ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚል ምልክት ስለነበረበት፣ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ በአንድ ሌሊት ከፍለጋ ሰወረው፤ በካርድ መግዛትም ተዘጋ። ጨዋታው በተሠራበት አገር ሕጋዊ ነው። ያገደው ፍርድ ቤት የለም፣ መንግሥትም የለም። እገዳው የመጣው ከገዢው ካርድ እስከ ሻጩ ሒሳብ ባለው መንገድ ላይ ከተቀመጡት አካላት ከአንዱ ነው። ከየትኛው የሚለው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስረዘመው።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሰፈራችን ከውጭ ሥራ የሚወስዱ ልጆች፣ ዲዛይነሩም፣ ቪዲዮ ኤዲተሩም፣ ኮድ የሚጽፈውም፣ ግብር ሲደርስ ወይም ፈረንጅ የላከላቸው ውል ሲከብዳቸው ወደ እኔ ይመጣሉ። ይህም ጉዳይ የመጣው በዚያው መንገድ ነው። የልጅቷን፣ የደንበኛዋንና የገበያውን ስም አልጠራም። በዚያው ሰሞን በአደባባይ የሆነውን፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በመግለጫ ያወጡትን ግን በስማቸው እጠራለሁ፤ ያለዚያ ጉዳዩ አይገባም።

ውሉ

ጨዋታው ሥዕል እየታየ ታሪክ የሚነበብበት ዓይነት ነው፤ ተጫዋቹ እዚህም እዚያም ምርጫ ይመርጣል እንጂ መሮጥ መተኮስ የለበትም። ሠሪዎቹ አውሮፓ ያሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ልጅቷን ያገኟት በኢንተርኔት ካስቀመጠቻቸው ሥራዎች መካከል ማታ ዝናብ የመታው የቃሊቲ መንገድ የሚታይበትን ሥዕል ወድደው ነው። ታሪኩ ውስጥ የፍቅርም የወሲብም ትዕይንት እንዳለ ከመጀመሪያው ነገሯት። እሷም መልሷ አጭር ነበር፦ «ሰው አልስልም፤ ክፍልና መንገድ እስላለሁ።» ተስማሙ። ሰዎቹን ሌላ አገር ያለ ሌላ ሠዓሊ ሳላቸው። የእሷ ድርሻ ከሰዎቹ ኋላ የሚታየው ነው፦ መኝታ ቤት፣ ካፌ፣ የባቡር ጣቢያ፣ የሆስፒታል ኮሪደር፣ ወጥ ቤት።

24 ባክግራውንድ፣ አንዱ በ50 ዶላር፣ ድምሩ 1,200። ሲጀመር 400፣ ስታስረክብ 400፤ የቀረው 400 ደግሞ ጨዋታው ከወጣ በኋላ፣ «ገበያው የመጀመሪያውን ክፍያ ለስቱዲዮው ካስተላለፈ በ30 ቀን ውስጥ»። ውሉ እኔ ጋ የደረሰው ተፈርሞ፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ችግሩ ሁሉ ያለው በዚህች በመጨረሻዋ ሐረግ ውስጥ ነው። የሠዓሊዋ ደመወዝ የታሰረው በሥራዋ መጠናቀቅ አይደለም፣ ሦስተኛ ወገን ገንዘብ በመልቀቁ ነው። እኛ አገር የሥራ ተቋራጮች ይህን ጣጣ በደንብ ያውቁታል፤ ዋናው ተቋራጭ «አሠሪው ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» ብሎ ንዑስ ተቋራጩን ዓመት ያስጠብቀዋል።

ወጥ ቤቱን በስልኳ አሳይታኛለች። ጠዋት ነው። ብርሃን ከግራው መስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ወድቋል፤ ማጠቢያው ውስጥ ያልታጠበ ሲኒ አለ፤ መደርደሪያው ጥግ፣ ከዘይት ጠርሙሱ ጀርባ፣ የጥቁር ጀበና አንገትና ጆሮ ይታያል። ስቱዲዮው «ይህ የአበባ ማስቀመጫ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር አሉ። ቡና ማፍያ መሆኑን ስትነግራቸው ይቆይ አሏት።

ስለ ገንዘቡ መንገድ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ከፍሎ መግዛት ይፈቅዳል እንጂ እዚህ ላለ ሰው ገንዘብ አያስገባም። ለሻጮች የካርድ ክፍያ የሚያሳልጠው ስትራይፕም ኢትዮጵያ ላለ ሻጭ ሒሳብ አይከፍትም። ስለዚህ እንደ እሷ ያለ ሠዓሊ ሥራውን በቀጥታ በራሱ ስም መሸጥ ስለማይችል፣ ውጭ ያለ ሰው ሸጦ በባንክ ሐዋላ እንዲልክለት ይገደዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ በባንክ መቀበል ትርጉም አገኘ፤ ከዚያ በፊት ዶላሩ በባንክ በ57 ብር አካባቢ ሲመነዘር ልጆቹ ሁሉ «ውጭ ያለ የአጎቴ ልጅ» ይፈልጉ ነበር። ባንኩ ቢስተካከልም የመንገዱ ርዝመት ግን አልቀነሰም። ገዢው፣ የገዢው ባንክ፣ የካርድ ኔትወርኩ (እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ያለው)፣ የሻጩ ባንክ፣ ክፍያ አሳላጩ (እንደ ስትራይፕ ያለው)፣ ገበያው፣ ስቱዲዮው፣ ከዚያ ቱሉ ዲምቱ። ከእነዚህ አንዱ እጁን ሲሰበስብ የመጨረሻዋ ሰው ምን እንደተፈጠረ የምትሰማው ከሁሉም በኋላ ነው።

ሐምሌ ላይ የሆነው

ነገሩን ያወቀችው ከስቱዲዮው ቀድማ ነው። በዚያው ገበያ ላይ የራሷ ገጽ ነበራት። ከጨዋታው የተረፉ ጥቂት ክፍሎችን በነጻ አስቀምጣ፣ «እነዚህን የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ሥራ ካላችሁ ጻፉልኝ» የሚል ማስታወቂያ አድርጋቸው ነበር። አንድ ጠዋት የገጿን ስም ስትፈልግ አጣችው። አድራሻውን በቀጥታ ስትጽፈው ይከፈታል፤ በፍለጋ ግን የለም። ሥዕሎቹ ሰው የሌለባቸው ክፍሎች ናቸው፣ ዋጋቸውም ዜሮ ነው። ታዲያ ለምን? ገጹ ላይ ወደ ጨዋታው የሚወስድ ሊንክ ስለነበር፣ «የአዋቂዎች ይዘት ጋር ይገናኛል» የምትለዋን ሳጥን በታማኝነት ምልክት አድርጋባት ነበር። ገበያው ያን ምልክት ያለባቸውን ገጾች ሳይለይ ነው የሰወረው።

ይህ ነገር ከገንዘቡ ይልቅ ያናደዳት ይመስለኛል። ሳጥኗን ሳይነኩ የተዉ ሰዎች ገጽ፣ ከእሷ በጣም የከፋ ነገር ያለበት ጭምር፣ ባለበት ቀርቷል። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የሳልኩት ወጥ ቤት ነው» አለችኝ። ማንነቱን በራሱ ላይ በጻፈ ሰው ላይ ብቻ የሚሠራ እገዳ ሐቀኛውን ይቀጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳጥኗን ማን ይነካታል?

ከቀናት በኋላ ከስቱዲዮው ደብዳቤ መጣ። የጨዋታው ገጽ ለግምገማ ተይዟል፣ የተጠራቀመው የሽያጭ ገንዘብም አብሮ ቆሟል፣ መቼ እንደሚለቀቅ አልተነገረንም፤ የአንቺም ክፍያ እስከዚያ ይጠብቃል የሚል ነው። ገበያው ለስቱዲዮው የጻፈውንም አያይዘውላታል። በጨዋ ቃል የተሞላ ሁለት አንቀጽ ነው፤ ጨዋታው የትኛውን ደንብ እንደጣሰ የሚል ነገር የለበትም።

ማን ነው የከለከለው?

በዚያው ወር በሰፊው የታወቀው ታሪክ ይህን ይመስላል። ኮሌክቲቭ ሻውት የተባለ የአውስትራሊያ ቡድን አስገድዶ መድፈርን፣ በዘመዳሞች መካከል የሚደረግ ወሲብንና በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚያሳዩ ጨዋታዎች እየተሸጡ ነው ሲል ለፔይፓል፣ ለቪዛ፣ ለማስተርካርድና ለሌሎች የክፍያ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው የተላከው ለገንዘብ አስተላላፊዎቹ ነው፤ ቡድኑ ጉልበቱ የት እንዳለ በሚገባ ያውቅ ነበር። ወሩ ሳይጋመስ ትልቁ የጨዋታ መደብር ስቲም ደንቡ ላይ አዲስ ሐረግ ጨመረ፦ የክፍያ አሳላጮችን፣ የካርድ ኔትወርኮችንና የባንኮችን መመዘኛ ሊጥስ የሚችል ይዘት አይፈቀድም። ብዙ ጨዋታዎችም ተነሱ። ሐምሌ 17 ቀን ኢች የተባለው የትንንሽ ጨዋታ ሠሪዎች ገበያ ለአዋቂዎች የተባለውን ሁሉ ከፍለጋ አወጣ። መሥራቹ ሊፍ ኮርኮራን ባወጣው መግለጫ፣ የገበያውን የክፍያ መሠረት ለማዳን ፈጥነው መንቀሳቀስ እንደነበረባቸውና ለሠሪዎቹ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ጊዜ እንዳልነበራቸው ተናገረ። በሳምንቱ ነጻ የሆኑትን መመለስ ጀመሩ፤ የሚሸጡት ግን ጥያቄ ላይ ቀሩ። ስትራይፕ ግልጽ የወሲብ ይዘትን አሁን ማስተናገድ እንደማይችል፣ ገደቡም ከአጋር ባንኮቹ የመጣ መሆኑን ገለጸላቸው።

ቀጥሎ የመጣው የመግለጫ ልውውጥ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ማስተርካርድ የትኛውንም ጨዋታ አልገመገምኩም፣ በጨዋታ ገበያዎችም ላይ ገደብ አልጣልኩም፣ ሕጋዊ የሆነ ግዢ ሁሉ በኔትወርኬ ይፈቀዳል አለ። የስቲም ባለቤት ቫልቭ መልሱን ሰጠ፦ ማስተርካርድን በቀጥታ ልናነጋግር ጠይቀን አላነጋገረንም፤ እሱ ያነጋገረው ክፍያ አሳላጮችንና ባንኮቻቸውን ነው፤ እነሱ ለእኛ ነገሩን። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለመሸጥ ሕጋዊ የሆነውን ጨዋታ እንሸጣለን የሚለውን አቋማችንን ብናስረዳም አልተቀበሉንም፤ ጠቅሰው ያሳዩን የማስተርካርድን ደንብ ቁጥር 5.12.7 ነው።

ደንቡን አገላብጬ አነበብኩት። ሻጩ ሕገወጥ ክፍያ እንዳያቀርብ ይከለክላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ ግን ይቀጥላል፦ ኩባንያው በራሱ ብቸኛ ውሳኔ መልካም ስሜን ይጎዳል ብሎ የሚያስበውንም እንዲሁ። በምሳሌነትም ጉልህ አስጸያፊነት ያለውና ቁም ነገር ያለው የጥበብ ዋጋ የሌለው ምስል ይነሳል። እንግዲህ ማስተርካርድ «እኔ አልከለከልኩም» ሲል አልዋሸም፤ ክፍያ አሳላጩም «ደንቡ ይከለክላል» ሲል አልዋሸም። ባንኩ ቅጣቱን ፈርቶ ደንቡን በሰፊው ተረጎመው፣ ክፍያ አሳላጩ ባንኩን ፈርቶ ይበልጥ አሰፋው፣ ገበያው ሁሉንም ፈርቶ ሳጥን የተነካበትን ገጽ በጅምላ ሰወረ። ሁሉም እውነቱን ተናግሮ ልጅቷ ገንዘቧን አጣች። ኃላፊነት በእያንዳንዱ እርከን እየሳሳ ወርዶ መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ሰው አልቀረም።

ፍርሃቱ ከምን ይመጣል ለሚል፣ አንዱ ምክንያት ሒሳብ ነው። የወሲብ ይዘት ሽያጭ በካርድ ዓለም የሚመደብበት የነጋዴ መለያ ቁጥር አለው፣ 5967፤ እዚያ የገባ ሻጭ «ከፍተኛ ስጋት» ተብሎ ይያዛል። ገዢዎቹ ከፍለው ሲያበቁ «እኔ አልገዛሁም፣ ገንዘቤ ይመለስ» የሚሉበት መጠን ከሌላው ንግድ ይበልጣል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ማጭበርበር እንኳ አይደለም፤ የባንክ መግለጫውን ሚስት ቀድማ አየችው። ተመላሹ ሲበዛ ካርድ ኔትወርኩ የሻጩን ባንክ ይቀጣል። ስለዚህ ባንኩ ከአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ የሚያገኘውን ሳንቲም ከቅጣቱ ጋር ሲያመዛዝን መዝጋት ይቀለዋል። ይህን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እረዳዋለሁ። የማልረዳው ስጋት ያለበትን ንግድ በዋጋ ማስከፈልና በጅምላ ማጥፋት እንዴት አንድ ነገር እንደሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን የፔይፓል ባንክ ከስቲም የሚመጣውን ክፍያ ሲያቆም ከጥቂት ዋና ዋና ገንዘቦች በስተቀር በሌላ ገንዘብ የሚከፍል ሁሉ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚገዛውም ጭምር፣ በፔይፓል መክፈል አልቻለም።

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ቪዛ፣ ማስተርካርድና ፔይፓል ምሥጢራዊ ሰነዶችን ይፋ ለሚያወጣው ዊኪሊክስ የሚሰጥ መዋጮን ሲዘጉ ድርጅቱን በወንጀል የፈረደበት ፍርድ ቤት አልነበረም። በ2012 መጀመሪያ ፔይፓል ስማሽወርድስ የተባለውን የኢ-መጽሐፍ ሻጭ አንዳንድ የወሲብ ልብ ወለዶችን ካላነሳህ ሒሳብህን እዘጋለሁ አለው፤ ጸሐፍትና የመብት ተሟጋቾች ጮኹ፣ ፔይፓልም በመጋቢት ላላ። በ2021 ሰዎች ፎቶና ቪዲዮአቸውን ለተከታዮቻቸው የሚሸጡበት ኦንሊፋንስ ግልጽ የወሲብ ይዘትን እከለክላለሁ ብሎ አውጆ፣ ምክንያቱም ባንኮች ናቸው ብሎ፣ በስድስት ቀን ውስጥ ውሳኔውን ሻረ። ጃፓን ውስጥ ዲኤልሳይት የተባለው መደብር በ2024 ካርድ ኩባንያዎቹን ለማስደሰት የይዘት መለያ ቃላቱን በለዘቡ ቃላት ለወጠ፤ አልበቃም፣ ከቀናት በኋላ በቪዛና በማስተርካርድ መክፈል አበቃ።

ከእነዚህ ሁሉ በጥንቃቄ መነበብ ያለበት የወሲብ ቪዲዮ ድረ ገጹ የፖርንሀብ ጉዳይ ነው፤ ለእኔም አቋም የማይመቸው እሱ ነው። በታኅሣሥ 2020 ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ዓምደኛው ኒኮላስ ክሪስቶፍ ያለፈቃዳቸው የተቀረጹ ሰዎችና ሕፃናት ቪዲዮ እዚያ እንደሚገኝ ጻፈ። በቀናት ውስጥ ቪዛና ማስተርካርድ ክፍያቸውን አቋረጡ፤ ጣቢያው ማንነታቸው ያልተረጋገጠ ሰዎች የጫኗቸውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች፣ የነበረውን አብዛኛውን ክፍል ማለት ነው፣ አነሳ። ተጎጂዎቹ ለዓመታት ደብዳቤ ጽፈው ያላገኙትን ካርድ ኩባንያዎቹ በሳምንት አደረጉት። ማስተርካርድ ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ያወጣው ደንብም ባንኮች የአዋቂ ይዘት ሻጮችን በቪዲዮው የሚታየውንና ቪዲዮውን የሚጭነውን ሰው ዕድሜና ማንነት እንዲያረጋግጡ፣ አቤቱታም በሰባት የሥራ ቀን እንዲፈታ ያስገድዳል። ይህን ደንብ እደግፋለሁ። በግልጽ የተጻፈ ነው፣ ሻጩ ሊፈጽመው ይችላል፣ የሚጠብቀው ሰውም በእውን ያለ ሰው ነው። የተሳለ ገጸ ባሕርይ ግን የሚረጋገጥ መታወቂያ የለውም፤ ልጅቷ የሳለችው ወጥ ቤት ደግሞ ገጸ ባሕርይ እንኳ የለበትም።

ሌላው ምሳሌ አሜሪካዊው የይግባኝ ዳኛ ፖዝነር የወሰነው ጉዳይ ነው። በ2015 የቺካጎ ከተማ ያለችበት የኩክ ካውንቲ ሸሪፍ ቶም ዳርት፣ ባክፔጅ የተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ የሴተኛ አዳሪነት ማስታወቂያ ያወጣል ብሎ ለቪዛና ለማስተርካርድ በሥልጣኑ ማኅተም ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለቱም ወዲያው ክፍያ አቋረጡ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሸሪፉ በክስ ሊያደርገው የማይችለውን በማስፈራራት ማድረግ አይችልም ብሎ አገደው። ባክፔጅ በኋላ፣ በ2018፣ በወንጀል ምርመራ ተዘግቷል፤ ንጹሕ ድርጅት ነበር የሚል የለም። ነገር ግን የተዘጋው በሕግ መንገድ ነው፣ ክስ ተመሥርቶ። ሸሪፍ ሲጽፍ ዳኛ ማስቆም ይቻለዋል፤ የግል ቡድን ሲጽፍ፣ ባንክም በራሱ ፈቃድ ሲሰጋ፣ የሚያስቆም ዳኛ የለም።

እኛ ዘንድ ሲታይ

የልጅቷ ታላቅ ወንድም አብሯት መጥቶ ነበር። ሲያዳምጥ ቆይቶ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እንዲህ ያለ ጨዋታ ገንዘብ ባይመጣበት ይሻላል» አለ። እናታቸው ልጃቸው «የቤት ዲዛይን» እንደምትሠራ ነው የሚያውቁት። ነገሩን ቢሰሙ የሚያስቀድሙት የንስሐ አባታቸውን እንደሆነ እሷም አልካደችም። ወንድሟን አልተቆጣሁትም፤ ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው የተናገረው። የእኔም ምርጫ ቢሆን እንዲህ ያለውን ጨዋታ ልጆቼ ባሉበት ቤት አላስገባም።

ግን ሕግ አለን። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 640 ጀምሮ ስለ ግብረ ገብነት ተቃራኒ ጽሑፍና ምስል ይደነግጋል፤ እየነገዱበት ማሰራጨትን ይቀጣል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁም፣ ቁጥር 958/2008፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች የሚታዩበትን የብልግና ምስል ለብቻው ይዞ ያስቀጣል። ሊወደድም ሊጠላም ይችላል፤ ነገር ግን ቁጥር አለው፣ በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል፣ የሚከሰስ ሰው ጠበቃ ይቆምለታል፣ ይግባኝም አለው። አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄን የልጅቷን ሥራ አሳይቼ ጠየቅኩት፤ ሰው የሌለበትን ወጥ ቤት በዚያ አንቀጽ የሚከስ ዐቃቤ ሕግ አላውቅም አለኝ። የወንድሟ ሐሳብ ሕግ ይሁን ቢባል እንኳ ረቂቅ ይጻፍለታል፣ ይከራከሩበታል።

ለወንድሟ የነገርኩት ይህን ነው፦ በመንደሩ ሁለት ወፍጮ ቤት ብቻ ቢኖሩና ሁለቱም «ጎረቤት ቅር ስላለው የአንቺን እህል አልፈጭም» ቢሉ፣ እህሉ ሕገወጥ ሆነ አይባልም፤ ልጆቿ ግን ጦማቸውን ያድራሉ። ዛሬ እህሉ የማትወደው ነው። ነገ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፣ መዋጮ ሊሆን ይችላል፣ የዊኪሊክስን አይተናል። እሱም «ወፍጮ ቤቱ የግል ንብረት አይደል?» አለኝ። ጥሩ መልስ ነው። ኩባንያዎቹ የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ የግል ድርጅት ከወደደው ጋር ይነግዳል። ሱቅ ቢሆን እስማማ ነበር። ሁለት ኔትወርኮች የዓለምን የካርድ ንግድ አብዛኛውን ሲይዙ ግን ከሱቅነት ወደ መንገድነት ተሻግረዋል፤ የመንገድ ባለቤት ደግሞ መኪናው ምን እንደጫነ በፈለገው መንገድ ሊመርጥ አይገባም፣ ሕግ የከለከለውን ካልሆነ በስተቀር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ባንኮች ሕጋዊ የሆነ ንግድን በአመለካከትና በሥራው ዓይነት እንዳይገፉ የሚል ትእዛዝ ፈርመዋል። የተፈረመበት ዓላማ ከእኛ ጉዳይ የራቀ ነው። ቢሆንም ጥያቄው የጥቂት ጨዋታ ሠሪዎች ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ድርድሩ

ወደ 400ው ዶላር እንመለስ። ስቱዲዮው በመጀመሪያ ያለው «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» ነው። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ቢታይ እንኳ ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ሁኔታው ሊጠበቅ የማይችልና ግዴታውን ለመፈጸም ፍጹም የሚያግድ መሆን አለበት። ገንዘብ ማዘግየት ሌላ ነው፣ መክፈል አለመቻል ሌላ። ግን ውሉ በእነሱ አገር ሕግ ነው የሚገዛው፣ ለ400 ዶላር ብሎ አውሮፓ ፍርድ ቤት የሚቆም የለም። ስለዚህ በሕግ ማስፈራራቱን ትተን የጻፍነው ሌላ ነገር ነው። ሦስቱም ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እነሱም ከኪሳቸው አውጥተው ነበር የሠሩት።

የጠየቅነው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ሐረጉ «ገበያው ሲከፍለን» ስለሚል፣ ገበያው ከመዘጋቱ በፊት የተላለፈ ክፍያ ካለ የሒሳብ መግለጫውን አሳዩን። ሁለተኛ፣ ሙሉውን አሁን መክፈል ካልቻላችሁ ሥዕሎቹን መልሳ ለሌላ እንድትሸጥ ፈቃድ ስጧት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራውን ሠራ፤ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ትንሽ ዝውውር ተደርጎ ነበርና ስቱዲዮው ሳያንገራግር 200 ዶላር ላከ። ሐዋላው ሲደርስ መሀል ያለው ባንክ የአገልግሎት ክፍያውን ቀንሶበት መጣ፤ እሱን የሚከራከርልኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል። ሁለተኛውንም ፈቀዱ፤ 24ቱንም ባክግራውንድ ለሌላ ሥራ መሸጥ ትችላለች፣ እነሱም መጠቀማቸውን ይቀጥላሉ።

ገጿን እንደ አዲስ ሠራችው። ወደ ጨዋታው የሚወስደውን ሊንክ አወጣች፣ ሳጥኗን አልነካችም፣ ያው ሥዕሎች እንዳሉ ናቸው። በዚያው ዕለት በፍለጋ ወጣ። ወጥ ቤቱን ለልጆች ቋንቋ የሚያስተምር መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች በ70 ዶላር ገዙት። «ይህ ዕቃ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለው ስለ ጀበናው ጠይቀዋታል፤ የቃላት ዝርዝር ውስጥ ሊያስገቡት ነው። አንድ ሥዕል፣ አንዲት መስመር ሳይቀየርበት፣ በሐምሌ የሚሰወር፣ በመስከረም ልጅ የሚማርበት ሆነ።

የጨዋታው ገጽ አሁንም በካርድ አይሸጥም። ስቱዲዮው ለአዋቂ ይዘት ብቻ የሚሠራ ሌላ ክፍያ አሳላጭ አነጋግሮ ነበር፤ የሚቆርጠው መቶኛ ከተለመደው በብዙ እጥፍ ስለሆነ ተዉት። ቀሪው 200 ዶላር በመዝገቤ ላይ «ተሰብሳቢ» በሚለው ዓምድ ሥር አለ። የሒሳብ ሰው እንደመሆኔ «አጠራጣሪ» ወደሚለው ላዛውረው ይገባኝ ነበር፤ እሷ ግን ሰዎቹ በየጊዜው ስለሚጽፉላት ይቆይ ብላለች።

ለቀጣይ ውሎቿ አብረን አንድ አንቀጽ ጻፍን፦ «የሠዓሊዋ ክፍያ ሥራው ከተረከበ በ30 ቀን ውስጥ ይፈጸማል፤ ገበያ፣ ባንክ ወይም ክፍያ አሳላጭ ለአሠሪው ክፍያ ቢያዘገይ ወይም ቢከለክል ይህ ግዴታ አይቀየርም።» ከዚያም ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር፣ አሠሪው ሥራው የሚሸጥበትን ቦታና ይዘቱ የዕድሜ ገደብ ያለበት መሆኑን ከፊርማ በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ። ከዚያ ወዲህ ከመጡት ሁለት ደንበኞች አንደኛው ያለ ጥያቄ ፈረመ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰርዞ መለሰው። ቅድመ ክፍያውን ወደ ግማሽ ከፍ አድርጋ ሥራውን ወሰደችው።